ኢቲዳል ከሜዳ የወጣችበት ቀን

አሶሳ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዋሳ ላለሽው ለልጄ ለፌቨን፣

እንዴት ነሽልኝ? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ላቦራቶሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትውዪ ነግራኛለች። ወንበር ይኖራቸዋል አይደል? ጉልበትሽን ስለማስብ ነው። እዚህ ግንቦት ከገባ ጀምሮ ዝናቡ ፋታ አልሰጠንም። የጓሯችን ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ ነበር፤ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አድላ የተረፈው መሬት ላይ ወድቆ በሰበሰ። መንደር ዐሥራ አራት ያሉት አጎቶችሽ በቆሎውን ዘርተው ጨርሰዋል። እኛ ደህና ነን።

ሰላምታሽ ደርሶኛል።

እሁድ እሁድ ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሩ እኔ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። ድምፅሽ አይሰማኝም፤ የእናትሽን ሳቅ ግን እሰማለሁ፤ ከሳቋ ተነሥቼ ደህና መሆንሽን እገምታለሁ። ባለፈው እሁድ ስልኩን ዘግታ ወጣችና «ፌቨን ሰላም ብላሃለች» አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ ግን ደግማ እንድትለው ብዬ «ምን አልሽ?» አልኳት። «አባዬን ሰላም በይልኝ ነው ያለችው» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አባዬ ያለኝ ሰው የለም። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ እናትሽም አልተከተለችኝም።

ይህን የምጽፍልሽ በዚያ ሰላምታ ምክንያት ነው። እናትሽ ስለ ቡድኑ የነገረችሽ ነገር አለ፤ እሱን ሰምተሽ ነው ሰላም ያልሽኝ። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። እንዴት እንደሆነ እንዲገባሽ ዓመቱን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፤ ታገሺኝ።

የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ልምምድ የጀመርነው ኅዳር ላይ ነው፤ ልጆቹ ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሕብረትን ታስታውሻታለሽ፤ አንቺ አምበል ሳለሽ ተጠባባቂ የነበረችው አጭሯ ልጅ። ተመርቃ ኮሌጁ የስፖርት መምህርት አድርጎ ቀጥሯታል፤ የኔም ረዳት ሆናለች። ሜዳው ያው አንቺ የምታውቂው ሲሚንቶ ነው። በመጋዘኑ በኩል ያለው ቀለበት አሁንም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። የቀርከሃ አጥሩን ብቻ አዲስ አድርገውታል።

ጥሩ ልጆች ነበሩ። ሳሊማ የምትባል በጣም ረጅም ልጅ ነበረችን፤ ቀለበቱ ሥር ስትቆም ሌሎቹ ዙሪያዋን ነበር የሚዞሩት። ከባምባሲ የመጣችው ቃናኒ ብዙ አትናገርም፤ ሰው ስትጠብቅ ግን ጥላ ናት፣ አትለቅም። ከሁሉም ግን ኢቲዳል ነበረች። የኩርሙክ ልጅ ናት፤ የቤቷ ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛዋ ሲረጋጋ ደህና ነው፣ ሲጨንቃት ይሰባበራል። ኳስ ስታነጥር ግን አታይም፤ እጇ ነው የሚያይላት። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ለሕብረት «ይቺ ልጅ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ማንን ልጠራ እንደነበር ገብቷታል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፍን። ታኅሣሥ ላይ ተማሪው ሁሉ ከክፍል ወጥቶ አጥሩን ከቦ ነበር የሚያየን። ከዚያ የገና ዕረፍት መጣ። ወደ ወለጋ ቤተሰብ ሊጠይቁ የሄዱ ሁለት ልጆች መንገዱ ተዘግቶባቸው ቀሩ፤ እዚያው ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ። ሳሊማ ደግሞ ጥር ላይ ማንኩሽ ጤና ጣቢያ ሥራ አገኘች። ቤተሰቧን የምትረዳ እሷ ናትና ቅሪ አልላትም። ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ እየደወለች «አሰልጣኝ፣ በኔ ቦታ ማን ገባ?» ትለኛለች። ማንም አልገባም፤ እንዲያ ያለ ቁመት ከየት ይመጣል? ረመዳን ሲገባ ልምምዱን ወደ ማለዳ አዞርነው፤ ያም ሆኖ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሰዉን ይጥል ነበር። ተከታትለን አራት ተሸነፍን።

ሚያዝያ ላይ የኮሌጁ ዲን ጠራኝና «አንለይ፣ ልንገርህ፤ በውድድሩ ከመጀመሪያዎቹ አራት ውስጥ ካልገባችሁ የሴቶቹን ቡድን ለሚመጣው ዓመት አላቅድም» አለኝ። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው። መንገር አልነበረብኝም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አንዷም ልምምድ ላይ አልሳቀችም። ቀጣዩን ጨዋታ ግን አሸነፉ፤ ሁሉም ነገር ለመጨረሻዋ ጨዋታ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ተጋጣሚያችን ከጊምቢ የመጣ ቡድን ነበር። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ልጆቹ ራሳቸው ሜዳውን በመጥረጊያና በጆንያ አደረቁት። ኢቲዳል ያን ቀን ብቻዋን ሃያ አንድ ነጥብ አግብታለች። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሲቀረው 47 ለ 46 እየመሩን ነበር። ኢቲዳል ዘላ የተመለሰ ኳስ ያዘችና ስትወርድ እግሯ የሌላዋ ልጅ ጫማ ላይ አረፈ። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ስትወድቅ ኳሱን አልለቀቀችውም።

ታይም አውት ጠየቅሁ። ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔ ተንበርክኬ ጫማዋን አወለቅሁና በፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ። እናትሽ የነገረችሽ እዚህ ላይ ነው። አባትሽ ጨዋታውንም ነጥቡንም ትቶ «አንቺ ትበልጪብኛለሽ» ብሎ ልጅቷን አስቀመጣት ብላሻለች። ከአንቺ በኋላ ተምሯል ብላሻለች።

ፌቨን፣ እንዲያ አላልኩም። ፋሻውን አጥብቄ አስሬ፣ ቀና ብዬ፣ «ሁለት ደቂቃ ብቻ…» ነው ያልኩት።

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም፤ ያልጨረስኩት ግን እኔ ፈልጌ አይደለም። ኢቲዳል እጄን ያዘችኝ።

«አሰልጣኝ፣ እኔ አይገባም።»

«ትንሽ ነው እኮ፤ አስሬዋለሁ» አልኳት።

«አንተ እንደዚህ ብሎ ነው ፌቨን ያስገባው። ጉልበቱ እንዴት እንደ ሆነ እኛ ሁሉ ሰምቷል። ወላሂ አይገባም» አለችኝ።

ይቺ ልጅ አንቺን በዓይኗ አይታሽ አታውቅም። አንቺ ከዚህ ስትሄጂ እሷ ኩርሙክ ዐሥረኛ ክፍል ነበረች። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። ሕብረት ብቻ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለችኝ። «ቡድኑ ውስጥ በገቡ ቀን ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ቃናኒ በኢቲዳል ቦታ ገባች። 53 ለ 48 ተሸነፍን።

ለካ ከኔ ጀርባ ልጆቹ ስምሽን ይዘው ነው የሚጫወቱት። እኔ ስለ አንቺ አንድ ቀን አውርቼላቸው አላውቅም። የልጄ ነገር የቤቴ ነገር ነው እያልኩ ነበር። እነሱ ግን ከኔ ራሳቸውን የሚጠብቁት በአንቺ ነው።

አሁን የዛሬ ሦስት ዓመቱን ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂውን አይደለም፤ እኔ ብቻ የማውቀውን ነው። የዋንጫው ጨዋታ ቀን ስትወድቂ «አባዬ፣ ጉልበቴ» ብለሽ ጠራሽኝ። መጥቼ እጄን ጉልበትሽ ላይ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ አንቺንም፣ እናትሽንም፣ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ያደረጉልሽን ሐኪምም «ማበጡን አላየሁም፣ ቀላል መስሎኝ ነው» አልኳችሁ። አይቻለሁ። ከእጄ ሥር ሲያብጥ ታውቆኛል። ይሞቅ ነበር። ተጫዋች ሊመርጥ የመጣ የክለብ መልማይ አጥሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጻፈ ነበር፤ ለሷው ብዬ ነው፣ ዕድሏ እንዳያመልጣት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህም ውሸት ነው። አሰልጣኝ ከሆንኩ ያን ያህል ዓመት ዋንጫ አንሥቼ አላውቅም ነበር፤ ዋንጫውን ፈለግሁት። አንቺ ተመልሰሽ ገባሽ፤ ሁለት ደቂቃው ሳያልቅ ጅማቱ ተበጠሰ። አሸነፍን።

ከቤት ስትሄጂ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ «ያን ቀን እኮ አባዬ ብዬ ነበር የጠራሁህ» ያልሽኝን አልረሳሁትም።

ከተሸነፍን በኋላ በሳምንቱ ዲኑ ስብሰባ ጠራ። መምህራኑም፣ ልጆቹም ነበሩ። የኢቲዳል እግር ወለምታ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስብሰባው ላይ በራሷ እግር ተራምዳ ነው የገባችው። ዲኑ ይህን አይቶ «ልጅቷ እኮ ደህና ናት! በዚያች ሰዓት ማነው ያስወጣት? ራሷ ናት እምቢ ያለችው የሚባለው እውነት ነው?» አለ። ከተማው ውስጥም ፈሪ እያሉ ያሟት ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኢቲዳል አንገቷን ደፋች።

ተነሣሁና «እኔ ነኝ ያስወጣኋት። የልጅ ጤና ከጨዋታ ይበልጣል ብዬ ነው» አልኩ።

ስጀምር ለእሷ ብዬ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ። ስጨርስ ግን አንዱ መምህር ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አየኝ፤ ሌላው ስወጣ እጄን ጨበጠኝ። «አንለይ፣ ይሄን ከአንተ መስማት ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ለምን ትልቅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደስ አለኝ፣ ፌቨን። ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። ሕብረትና ኢቲዳል ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ወሬው ከተማውን ዞሮ እናትሽ ዘንድ ደረሰ። የቃናኒ አክስት ገበያ ላይ አግኝታት ነው የነገረቻት። እናትሽ ዘንቢሏን እንደያዘች እየሮጠች መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «እውነት ነው? አንተ ነህ ያስቀመጥካት?» ስትለኝ «እ…» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እያለቀሰች ለሦስት ዓመት ለኔ ያልሳቀችልኝን ሳቅ ስትስቅ አየኋትና አፌን ያዘኝ። እሁድ ደግሞ ለአንቺ ስትነግርሽ በረንዳው ላይ ሆኜ አንድ በአንድ እየሰማሁ ነበር። ተነሥቼ መግባት፣ ስልኩን መቀበል ነበረብኝ። ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ ሰላምታሽ መጣ።

ሰላም ያልሽው እናትሽ ለነገረችሽ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ አይደለሁም። ዘንድሮም አንዲት ልጅ ፊት ተንበርክኬ ያንኑ ቃል ነው የተናገርኩት። ልጅቷ የተረፈችው በኔ ሳይሆን በአንቺ ነው። ስለዚህ ሰላምታሽን ዝም ብዬ ኪሴ ልከት አልቻልኩም። ይህን ካነበብሽ በኋላ ብትተዪው አልቀየምሽም።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ትሪውን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠችው።

«ታዲያ ይሄን ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝ። «ለሷ ንገራት እንጂ።»

«ስልኩን እሁድ ስጪኝና…»

«አይሆንም» አለችኝ። «አንተ ስትናገር ታዝዛለህ። ሰው ይቅር ሲልህም እንዴት ይቅር እንደሚልህ ታዘዋለህ። ቁጭ በልና ጻፍላት።»

ይኸው ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ማሊያ ሊመልሱ ሲመጡ በሁሉም ፊት ኢቲዳልን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ታዲያ ለዲኑ ለምን አልነገርክም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያው ተነሥቼ ቢሮው ሄድኩ። እምቢ ያለችው እሷ ናት፣ እኔ ላስገባት ነበር፣ እምቢ ማለቷም ልክ ነው አልኩት። ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል «ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። ለእሱ አልፏል።

እናትሽን «ቡድኑስ ወደ ፊት ምን ሊሆን ነው?» ብለሻት ነበር አሉ። ኮሌጁ ለሚመጣው ዓመት የሴቶች ቡድን የለውም። ማሊያዎቹም ታጥበው መጋዘን ይገባሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ብቻ አስተምራለሁ፤ ፊሽካውን ለሕብረት ሰጥቻታለሁ። እሷ መቀጠል የፈለጉትን ስድስት ልጆች ይዛ በወጣት ማእከሉ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ጀምራለች። የከተማውን ውድድር ሊሞክሩ ነው። እንዳላጋንንልሽ፣ ጥሩ ቡድን አይሆኑም። ቀለበቱ ሥር የሚቆም ረጅም የላቸውም፤ ተቀያሪ አንድ ብቻ ናት፤ ሁለቱ ደግሞ በዓመቱ ይመረቃሉ። አንድ ጨዋታ ቢያሸንፉ ይገርመኛል። ኢቲዳል ግን አምበል ሆናለች፤ ሕብረት ስትጠራት እየሮጠች ነው የምትመጣው።

«ላግዛችሁ?» ብዬ ሕብረትን ጠየቅኋት። በትሕትና ነው የመለሰችልኝ። «አሰልጣኝ፣ ለጊዜው ልጆቹ ካለ እርስዎ ቢለምዱ ይሻላል» አለችኝ። ሜዳው መስመሩ ጠፍቶ ስለነበር «መስመሩን ልቀባላችሁ?» አልኳት። እሺ አለች። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እየሄድኩ እቀባለሁ። እነሱ ሲመጡ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ሳላስፈቅድሽ አድርጌያለሁ። ሕብረት ለልጆቹ ኳስ ማንጠር የምታስተምርላት ሰው ትፈልጋለች፤ ቆመሽም ሆነ ተቀምጠሽ ብታሳያቸው ይበቃል ትላለች። በነሐሴ የዓመት ፈቃድ እንዳለሽ ከእናትሽ ሰምቼ ነገርኳት። አዲሱን ቁጥርሽን ከእናትሽ ስልክ ላይ አይቼ ሰጠኋት። በዚህ ሳምንት ትደውልልሻለች። የማታውቂው ቁጥር ሲመጣ አንሺው፤ የኔ አይደለም። እኔ አልደውልም። እምቢ ካልሽም ለምን ብላ እንዳትጠይቅሽ አደራ ብያታለሁ።

እሺ ካልሽ ደግሞ ስለ ቤቱ አታስቢ። አልጋሽ እንደነበረ ነው፤ እናትሽ አንሶላውን በየጊዜው ታጥባለች። እኔ ነሐሴን መንደር ዐሥራ አራት፣ ወንድሜ ዘንድ እሆናለሁ፤ በቆሎው ስለሚታረም ሰው ይፈልጋል። ነግሬው እሺ ብሎኛል። እዚያ ሆኜ መምጣትሽን ብሰማ ይበቃኛል፤ ማየት ግድ አይደለም።

እግዚአብሔር ደረጃ ስትወጪም ስትወርጂም እጅሽን ይያዝልኝ። የሰው ፊት አያሳይሽ። ሕመምሽን ስትናገሪ ቁጭ ብሎ የሚሰማሽ ሰው በሄድሽበት ሁሉ አያሳጣሽ።

አባትሽ
አንለይ